ለአንድ ኩዊዝ ስንት ዕድል?

አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ለሚሰጥ ኩዊዝ ስንት ጊዜ ሊቀመጥ ይገባዋል? በትምህርት ቤቶቻችንና በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው መልስ «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ነው። ከ10 ጥያቄ 3 ያገኘ ተማሪ 3 ይመዘገብለታል፤ መምህሩም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። የተሳቱት ሰባቱ ግን ሳይታወቁ ይቀራሉ። እኛ ይህ ልማድ ሊሻሻል ይገባዋል እንላለን።

ለዚህ አብነት ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም። ዛሬ ኮን ዋና ከተማዋ የሆነችው ዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ ጥንታዊ የቅኔ አገር ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሰዋስው ቢፋለስ ወይም ምሥጢሩ ቢላላ መምህሩ ያርመዋል። ተማሪውም ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመለሳል። ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚሸጋገረው የፊተኛውን ሲያደላድል ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሕተቱ በመዝገብ ሰፍሮ እስከ መጨረሻ አይከተለውም።

ሳይንሱም ይህን ይደግፋል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያጠኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶ ያህሉን ብቻ አስታወሱ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አጥንተው ሦስት ጊዜ የተፈተኑት ግን 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ፈተና እንግዲህ መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ማስተማሪያ ነው።

«ተማሪው ይሰንፋል፤ በግምት ያልፋል» የሚሉ መምህራን አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። አራት አማራጭ ያላቸውን 10 ጥያቄዎች በግምት ብቻ የሚመልስ ተማሪ በአማካይ 2.5 ያገኛል። የሳታቸው ተነግሮት ያው ጥያቄ ቢደገምለት፣ የተሳተውን አማራጭ እየተወ በሁለተኛው ሙከራ በአማካይ 5፣ በሦስተኛው 7.5 ይደርሳል፤ በአራተኛው አንድም ሳያውቅ 10 ይደፍናል! ስለዚህ መደገም ያለበት ጥያቄው ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡ ነው። ቁጥሩና አቀራረቡ ይለወጥ፤ ተማሪውም በፊት የሳተውን አርሞና ምክንያቱን ጽፎ ካላቀረበ ዳግመኛ አይፈተን። ተማሪ በበዛበት ክፍል የእርማቱን ሥራ በቡድን ማከናወን ይቻላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና እንዲካሄድ ደንግጎ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ምዘናው ተከታታይ የማርክ መልቀሚያ ሆኖ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመትም የሪሜዲያል ትምህርት ተጀመረ። እንዲህ ያለው ሁለተኛ ዕድል መልካም ነው። ሆኖም ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የሚሰጠው ዕድል በየሳምንቱ ኩዊዝ ቢሰጥ ኖሮ ስንቱ ጉድለት በጊዜው በተሞላ ነበር!

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። መምህራን በሚቀጥለው ሴሚስተር ቢያንስ በአንድ ኮርስ ይህን እንዲሞክሩ እንጠይቃለን። ተማሪዎችም ወረቀታቸው ሲመለስ «ስንት አገኘሁ?» ከማለት አልፈው «የቱን ሳትሁ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ።