ያገለገሉ ጎማዎች ለእግረኛ መንገድ፤ ከግንባታው መስፈርቱ ይቅደም

ያገለገሉ የተሽከርካሪ ጎማዎችን ፈጭቶ ለእግረኛ መንገድና ለመናፈሻ ወለል ማዋል በበርካታ አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኗል። ስልቱ የጎማ ክምችትን የሚቀንስና ለነዋሪው ምቹ መንገድ የሚያስገኝ ቢሆንም፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተገኙ ማስረጃዎች ጠቀሜታው በጥራት ቁጥጥሩ ላይ የሚወሰን መሆኑን ያመለክታሉ።

ጎማው ከሽቦውና ከክሩ ተለይቶ ከተፈጨ በኋላ ፖሊዩሪቴን ከተባለ ማጣበቂያ ጋር ተደባልቆ በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ይነጠፋል። ወለሉ ከኮንክሪት ይልቅ ለእግር የሚለሰልስ በመሆኑ ለአረጋውያን ይመቻል፤ ሕፃናት ሲወድቁ የሚደርስባቸውንም ጉዳት ይቀንሳል። ክፍተት እንዲኖረው ተደርጎ ከተሠራም የዝናብ ውኃን ወደ ታች ያሳልፋል።

የጎማ ክምችት የሚያስከትለውን ችግር ኩዌት በተግባር አይታዋለች። በበረሃዋ ለዓመታት የተከማቹ ከ40 ሚሊዮን በላይ ጎማዎች በተደጋጋሚ የእሳት ቃጠሎ አስከትለዋል። ሥፍራው ለመኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2021 ጎማዎቹ አል ሳልሚ ወደተባለ አካባቢ ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ከጎማው ባለቀለም የወለል ንጣፍ ያመርታል። የፋብሪካው አቅም በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ጎማ በመሆኑ፣ በዚህ አቅም ብቻ ክምችቱን ለመጨረስ ከ13 ዓመታት በላይ ይወስዳል። ይህም የጎማ አሰባሰብ ችግሩ ከመግዘፉ በፊት ሊታሰብበት እንደሚገባ ያሳያል።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ለሰው ሠራሽ ሜዳዎችና ለመጫወቻ ሥፍራዎች በሚውል የጎማ ፍርፋሪ ውስጥ ካንሰር አምጪ የሆኑ 8 ውህዶች ድምር በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ ከነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። በሜዳዎች ላይ የሚበተን ልቅ ፍርፋሪ ደግሞ ከ2031 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርብ ወስኗል። በማጣበቂያ የተያያዘ ወለል ከልቅ ፍርፋሪ የተሻለ ቢሆንም ሲያረጅ መፈርፈሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከጎማ ተነሥቶ በጎርፍ ወደ ወንዞች የሚገባ ኬሚካል የሳልሞን ዓሣን እንደሚገድል አረጋግጧል።

በኢትዮጵያ አሮጌ ጎማን መልሶ መጠቀም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በረባሶ ጫማ ለዚህ ምስክር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ም ያገለገሉ ጎማዎችን ለይቶ የጠቀሰ ነበር። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለእግረኛ መንገድ ከፍተኛ ትኩረት የሰጠ በመሆኑ የንጣፍ ምርጫ ጉዳይ ወቅታዊ ነው።

ሆኖም ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመገኘቷ ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር ማጣበቂያውን ሊያዳክም ይችላል። የክረምቱ ጎርፍ የሚገባባቸው የአቃቂ ወንዞች ደግሞ አትክልት የሚለማባቸው ናቸው። ስለሆነም ከመንገድ የሚታጠብ ፍርፋሪ ወደ ማሳ የመድረስ ዕድል አለው።

በመሆኑም ንጣፉን ለመጠቀም የሚያስቡ መሥሪያ ቤቶች የኬሚካል ምርመራ ውጤትን፣ የፍርፋሪ ማጣሪያ ያለው የውኃ መውረጃን፣ የጥገና ዋስትናንና ንጣፉ ሲያረጅ ማን እንደሚረከበው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። እነዚህ ካልተሟሉ ከጎዳና የተነሣው ቆሻሻ በሌላ መልክ ወደ ወንዝ መመለሱ አይቀሬ ይሆናል።