«ትክክለኛው የቱ ነው?» ለሚሉን ሁሉ

ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ይገባበታል ብለን የሰቀልነውን ሣጥን ባለፈው ሳምንት ከፈትነው። ግጥም ስድስት መጣ። ስለ አንድ የጃፓን የሥዕል ፊልም የሚጠይቅ ወረቀት ግን አርባ አንድ! የተሳሳትን መስሎን ደግመን ቆጠርን። አርባ አንድ ነው።

ከመካከላችን «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ እሳት ውስጥ ጨምሩት» ያለ አልጠፋም። እኛ ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበብናቸው። አንብበንም ግማሹ አሳቀን፤ ግማሹ አናደደን። ዝም ብንል ደግ ነበር፤ ነገር ግን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነን የሚሉ ሰዎች እንዲህ ካነበቡ ሌላው ምን ሊያነብ ነው? ስለዚህ መልስ እንሰጣለን።

«ፉልሜታል አልኬሚስት»ን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። ኤድዋርድና አልፎንስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ፣ ማለት አንዱን ነገር ወደ ሌላ በመለወጥ ጥበብ፣ ከሞት ሊመልሱ ይሞክራሉ። የጥበቡ ሕግ «እኩል ልውውጥ» ይባላል፤ ዋጋውን ሳይከፍሉ የሚገኝ ነገር የለም። እናትየው አልተመለሰችም። ታላቁ እግሩን ከፈለ፤ ታናሹ መላ አካሉን። ታላቁ የወንድሙን ነፍስ ከአንድ ባዶ የብረት ጥሩር ጋር ለማሰር ክንዱን ደግሞ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጠፋውን አካል ፍለጋ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ የደረሰን በሦስት መልክ ነው፤ ጠቡም ከዚህ ይነሣል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ሂሮሙ አራካዋ የምትባል፣ በሆካይዶ የከብት እርባታ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ሠዓሊና ደራሲ፣ ከ2001 እስከ 2010 በወርኃዊ መጽሔት በተከታታይ አወጣችው፤ 27 ቅጽ ሆነ። ቦንስ የተባለው ስቱዲዮ በ2003 ወደ ፊልም አመጣው፤ ሴይጂ ሚዙሺማ አዘጋጀው፣ በ51 ክፍል በ2004 አለቀ። ያው ስቱዲዮ በ2009 «ብራዘርሁድ» በሚል ተጨማሪ ስም እንደገና ከሥሩ ጀምሮ ሠራው፤ የዚህኛው አዘጋጅ ያሱሂሮ ኢሪዬ ነው፣ 64 ክፍል ነው፣ በ2010 ከመጽሐፉ ጋር አብሮ አለቀ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ትንንሾቹን ጥያቄዎች እንገላግላቸው። «ኤንቪ የማን ልጅ ነው?» በ2003ቱ የልጆቹ አባት የሆሄንሃይም ልጅ ነው፤ በመጽሐፉ አይደለም። «የአገሩ መሪ ብራድሊ ትዕቢት ነው ወይስ ቁጣ?» በ2003ቱ ትዕቢት፤ በመጽሐፉና በብራዘርሁድ ቁጣ፤ በእነዚህ ትዕቢት የሚባለው ያ ትንሹ ልጅ ሴሊም ነው። በ2003ቱ ግን ሴሊም ምንም የማያውቅ ምስኪን የሰው ልጅ ነው፤ የሚገድለውም አባቴ የሚለው ሰው ነው። «ኤድዋርድ ለምን አጭር ሆነ?» በመጽሐፉ ራሱ የሚጠረጥረውን እንንገራችሁ፦ እርሱ የሚበላው ምግብ፣ እርሱ የሚተኛው እንቅልፍ፣ ከበሩ ማዶ የቀረውን የወንድሙን አካል ጭምር እየመገበ ይሆናል ይላል። ስቃችሁ ነበር የጠየቃችሁት፤ አሁንስ?

አሁን ወዳናደደን እንምጣ። ከአርባ አንዱ ሃያ ያህሉ በልዩ ልዩ ቃል የሚሉት አንድ ነው፦ የ2003ቱ ከመጽሐፉ የወጣ ስለሆነ ሐሰተኛ ነው፣ ማየቱ ጊዜ ማጥፋት ነው፣ ትክክለኛው ብራዘርሁድ ብቻ ነው። አንዱማ ለአዲስ ገቢዎች እንዳያዩት ማስጠንቀቂያ እንድናወጣ አዞናል። ኧረ ተው ወንድማችን! እኛ ጉምሩክ ነን?

በመሠረቱ «ከመጽሐፉ ወጣ» የሚለው ክስ የፍሬ ነገር ስሕተት አለበት። በ2003 ፊልሙ ሲጀመር መጽሐፉ ግማሽ መንገድ እንኳ አልደረሰም ነበር። ይልቁንም ፍጻሜው የተለየ እንዲሆን የጠየቀችው ደራሲዋ ራሷ ናት፤ አንዱን ነገር በሁለት ቦታ መድገም አልፈለገችም፣ ለገጸ ባሕርያቷም በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ጊዜ ልትሰጥ ፈለገች። ባለቤቲቱ «ሂዱ፣ የራሳችሁን ሥሩ» ብላ የሸኘቻቸውን ሰዎች እኛ ሌባ እያልን እናሳድዳለን። ጥብቅና የቆምነውስ ለማን ነው?

ታማኝ የተባለውስ? የብራዘርሁድ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የሚታየው ያ በበረዶ የሚዋጋው አልኬሚስት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የለም! ታማኙ ፊልም ታሪኩን የከፈተው ፈጥሮ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን የማዕድን ከተማ ታሪክ ደግሞ ዘልሎት ሄዷል። ይህን የምንለው ለመክሰስ አይደለም፤ «ታማኝነት» የሚባለውን ሚዛን የያዙ ሰዎች መጀመሪያ ሚዛኑን ራሱን ይመዝኑት ለማለት ነው።

ደግሞም ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር የጽሑፍ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። «ዜና እስክንድር» ወደ ግዕዝ ሲመለስ መቄዶናዊው ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ ነው የመጣው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 የሞተ ሰው! በክፍል ውስጥ ይህን ስንማር «ሐሰተኛ ነው፣ አታንብቡት» ያለ የለም። ተርጓሚው ለምን እንዲህ አደረገ፣ ምን ፈልጎ ነው ብለን ነበር የጠየቅነው። ታዲያ ያ አእምሯችን ማታ ፍላሽ ስንሰካ የት ይሄዳል?

ስለዚህ መለኪያ ካስፈለገ የእኛ ይኸውና፦ የለወጠው ነገር ምን አደረገለት? በዚህ እንመዝናቸው።

የሌተና ኮሎኔል ሂዩዝን ሞት እንውሰድ። የልጁን ፎቶግራፍ ለሁሉ ሰው እያሳየ የሚያሰለች ያ ደስተኛ ሰው፣ የሚስቱን መልክ ለብሶ በመጣ ጠላት ይገደላል። ቀብሩ ላይ ሕፃኗ ልጁ አባቷን ለምን አፈር እንደሚያለብሱት ትጠይቃለች። ሁለቱም ፊልሞች ይህን ያሳያሉ። ነገር ግን በብራዘርሁድ ሂዩዝ የሚሞተው በ10ኛው ክፍል ነው፤ በ2003ቱ በ25ኛው። አሥራ አምስት ክፍል ማለት አንድን ሰው ማወቅ ማለት ነው። ከመኝታ ክፍላችን ሰዎች ብራዘርሁድን ብቻ ያየው «አሳዛኝ ነበር» አለን። የመጀመሪያውን ያየው ግን ሁለት ቀን አላወራም። ትንሿ ኒናም እንዲሁ ናት። በመጽሐፉና በብራዘርሁድ ልጆቹ ቤቷ የሚመጡት ኤድዋርድ የመንግሥት አልኬሚስት ከሆነ በኋላ በእንግድነት ነው፤ በ2003ቱ ገና ለፈተና ሲዘጋጁ እዚያው ቤት ይኖራሉ፣ አብረዋት ይጫወታሉ። አባቷ የሚያደርስባትን እዚህ አንጽፈውም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ እኛ ልንነግረው አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የእናትየዋ ነገር ነው። በመጽሐፉ ሰው ሠራሾቹ ፍጡራን፣ በኃጢአት ስም የሚጠሩት ሰባቱ፣ «አባት» ከተባለው ክፉ ተቆርጠው የወጡ ናቸው፤ ስንፍና የሚባለውም አንድ ግዙፍ ጉልበተኛ ነው። የ2003ቱ ሰዎች ይህን አልተቀበሉም። በእነርሱ ዘንድ እነዚህ ፍጡራን ከሙታን ለማስነሣት ከተደረገ የከሸፈ ሙከራ የሚወለዱ ናቸው። ስንፍናም የሁለቱን ልጆች እናት መልክ ይዛ ትመጣለች። እንግዲህ ልብ በሉ! ልጆቹ ያን ሌሊት ጥለውት የሸሹት ነገር አድጎ፣ ልብስ ለብሶ፣ የእናታቸውን ፊት ይዞ ከፊታቸው ይቆማል። ኤድዋርድ ይህችን ሴት በገዛ እጁ ማጥፋት አለበት፤ ያጠፋታልም። ይህ በመጽሐፉ የለም። አለመኖሩ መጽሐፉን አያሳንሰውም፤ መኖሩ ግን ፊልሙን የራሱ ሥራ ያደርገዋል። እናቱን በአሥራ ሁለት ዓመቱ የቀበረ አንድ ጓደኛችን ይህን ክፍል አይቶ ሲያበቃ ያለን «በሕልሜ የምትመጣው እንደዚህ ናት» ነው። ይህን «ሐሰተኛ» የሚል ሰው ወረቀቱን ይዞ እርሱ ዘንድ ይሂድ፤ እኛ ምንም አንልም።

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን እንቁም፤ ያለዚያ እኛም ወገንተኞች እንሆናለን።

የዊንሪ ወላጆች ሐኪሞች ነበሩ። በኢሽቫል ጦርነት ላይ፣ መንግሥት ሕዝቡን ሊያጠፋ በተነሣበት ሰዓት፣ እነርሱ ወገን ሳይለዩ ቁስለኛ ያክሙ ነበር። ማን ገደላቸው? በ2003ቱ የገደላቸው ሮይ ሙስታንግ ነው፤ እኛ የምንወደው፣ የምንስቅበት፣ ጥሩው መኮንን። ታዞ ገደላቸው፤ ከዚያም ሽጉጡን ወደ ራሱ አዞረ። በመጽሐፉና በብራዘርሁድ የገደላቸው ስካር ነው (ጠባሳ ማለት ነው፤ ከመጠጥ ጋር እንዳታገናኙት)። ሕዝቡ ያለቀበት፣ ወንድሙ የሞተለት ኢሽቫላዊ፣ ሐኪሞቹ አድነውት ዓይኑን ሲገልጥ የወንድሙ ክንድ ከገላው ተሰፍቶ አገኘው፤ ያን ጊዜ አእምሮውን ስቶ ያዳኑትን እጆች ገደለ።

አንድ ወረቀት «የቱ ይሻላል?» ይላል። ይህ እንኳ ጥያቄ ነው! ሌሊቱን የተከራከርንበት ይኸው ነው። የ2003ቱ የሚለው ጥሩ ሰው ታዞ ይገድላል፣ ከዚያም በሕይወት ይኖራል፣ እናንተም ትወዱታላችሁ የሚለውን ነው። ከባድ ቃል ነው። መጽሐፉ ግን ከዚያ የከበደውን ያነሣል፦ የተበደለ ሰውም ይበድላል። አራካዋ ለዚህ ሥራ ስትዘጋጅ ከጦርነት የተመለሱ ሰዎችን አነጋግራለች፤ ኢሽቫሎችንም ስትፈጥር የገዛ ምድሯን የሆካይዶን ነባር ሕዝብ፣ አይኑዎችን አስባለች። ያ ይታያል። ዊንሪ ሽጉጥ አንሥታ በስካር ላይ ስትደግን ኤድዋርድ በመካከል ይገባል፤ እጆችሽ ለመግደል አይደሉም ይላታል። እርሷም ሽጉጡን ትጥላለች። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተራ የስብከት ታሪክ በሆነ ነበር። አላበቃም። ቆይታ በሌላ ቦታ ስካርን ቆስሎ ታገኘዋለች፤ ቁስሉን ታስርለታለች። ወላጆቼ ቢኖሩ ይህን ያደርጉ ነበር ትላለች። በደሉን ግን ይቅር አላልኩም ትላለች። ሁለቱን በአንድ ጊዜ! እኛ ይቅርታን እንደ ሙሉ ወይም እንደ ባዶ ብቻ ነበር የምናውቀው።

ከመካከላችን በ2020 እና በ2022 መካከል ጦርነት ከገባበት አካባቢ የመጡ አሉ። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አንጽፍም፤ ከአንድ ወገን ብቻም አይደሉም። ያ ሌሊት ሁለቱ ስለ ዊንሪ ሲከራከሩ አንዱ «ቁስሉን ማሰር አልነበረባትም» አለ። ሌላው ብዙ ዝም ብሎ «እኔ አስርለት ይሆን?» አለ። በአንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። ስለ ራሳቸው እንደዚያ ሲነጋገሩ ሰምተናቸው አናውቅም ነበር። እንግዲህ «የቱ ነው ትክክለኛው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚያንስ እናንተው ፍረዱ።

የ2003ቱን ስለተከላከልን ጉድለቱን አናይም አትበሉን። በመጨረሻ የምትገለጠው ዳንቴ ለዚያ ሁሉ መከራ የማትመጥን ክፉ ናት። ስካር በሊዮር ከተማ ወታደሮቹን ፍዳ አድርጎ ሲሞት ታሪኩ ያለ አንድ ትልቅ ሰው ይቀራል፤ በመጽሐፉ ግን ይተርፋል፣ የፈረሰችውን አገሩን እንደገና ለማቆም ይሠራል። ፍጻሜውም ኤድዋርድን ከበሩ ማዶ አውጥቶ በእኛ ዓለም፣ በጀርመን አገር ይጥለዋል፤ በ2005 የወጣው ተከታይ ፊልም በ1923 ሙኒክ ውስጥ የሚካሄደው ለዚህ ነው። ግማሾቻችን ይህን እንወደዋለን፤ ግማሾቻችን ዐይናችንን ጨፍነን አለፍነው።

ስለ «እኩል ልውውጥ» የጠየቃችሁ ሦስት ናችሁ። የ2003ቱ ሕጉ ውሸት ነው ይላል፤ እኩል የለፋ ሁሉ እኩል አያገኝም። (ይህን ለማወቅ ፊልም ማየት አያስፈልግም፤ የመመዝገቢያ ሰልፍ ይበቃል።) መጽሐፉ ደግሞ አሥር ከተቀበልክ የራስህን አንድ ጨምረህ አሥራ አንድ አድርገህ ለሚቀጥለው ስጥ ይላል። ኤድዋርድ ዊንሪን ለትዳር ሲጠይቃት በዚያው በሕጉ ይጠይቃታል፤ የሕይወቴን ግማሽ እሰጥሻለሁ፣ የሕይወትሽን ግማሽ ስጪኝ ይላል። ሞኝ! እርሷ ሁሉንም ልትሰጠው ትነሣለች። እርሱም ይስቃል።

የቱን እናስቀድም ላላችሁ፦ የ2003ቱን አስቀድሙ። ሂዩዝንና ኒናን ቀስ ብላችሁ እወቋቸው፤ ከዚያ ብራዘርሁድ በሩጫ ሲያልፋቸው የጎደለውን እናንተው ትሞሉለታላችሁ። ሁለቱም በፍላሽ አሉን፤ መጥቶ የሚወስድ ይውሰድ፣ ባዶ ፍላሽ ይዞ ይምጣ እንጂ የእኛን አንሰጥም።

ስድስቱ ግጥሞች በሚቀጥለው ዕትም ይወጣሉ። ጨምሩበት።