የቱቦ ድምፅ ማጉያ ትራንስፎርመር በዋት ቁጥር ብቻ አይታዘዝም

የሬዲዮ ቱቦ ጊዜው አልፎበታል ከተባለ ብዙ ዘመን ቢሆንም፣ ሙዚቃን በቱቦ ማጉያ መስማት የሚወዱ ደንበኞች ዛሬም በብዙ አገር ይገኛሉ። በ1917 የተቋቋመው የካናዳው ሃሞንድና በ1958 የተቋቋመው የስዊድኑ ሉንዳል ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ ትራንስፎርመሮች ይሠራሉ። ይሁን እንጂ በቱቦውና በስፒከሩ መካከል የሚገባውን ይህን ዕቃ ዋጋውንና የዋቱን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ የሚያዝ ነጋዴ፣ ያተረፈ መስሎት ኪሳራ ይገዛል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ፑሽፑል በሚባለው ማጉያ የሁለቱ ቱቦዎች ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመሩ ብረት ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሲንግል ኤንድድ በሚባለው ግን ኤሌክትሪኩ ዘወትር በአንድ አቅጣጫ ስለሚያልፍ፣ ብረቱ በመግነጢስ ይጠግብና ድምፁ ይበላሻል። ይህ እንዳይሆን በብረቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያሳልፈውን ኢንዳክታንስ ስለሚቀንስ፣ ብረቱም ሽቦውም መብዛት አለበት። እንግዲህ ክብደቱ የማጓጓዣ ኪራይ ቢያስወድድም የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ ዋጋው ራሱ ነው።

ቮልቱ ከፍ ሲል ነገሩ ይብሳል። 300ቢ የተባለው ቱቦ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት ይሠራል፤ 845 ግን እስከ 1,250 ቮልት ይቀበላል። በ1,000 ቮልት በሚሠራ ማጉያ ድምፁ ሲበረታ በቱቦው አኖድ ላይ የሚደርሰው ቮልት ወደ 2,000 ሊጠጋ ይችላል፤ ስፒከሩ ሳይገጠም ቢሠራ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ለ300ቢ የተሠራ ትራንስፎርመር በዚህ ቦታ ቢገባ የሽቦው መሸፈኛ ሊበሳ፣ የስፒከሩን ሽቦ የሚነካውም ሰው ለሞት አደጋ ሊጋለጥ ይችላል።

ስለዚህ ነጋዴው መሐንዲስ መሆን ሳያስፈልገው አራት ነገሮች በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፉ ይጠይቅ። ይኸውም አንደኛ፣ በቱቦው በኩል ያለው ኦም፣ ለ845 ብዙ ጊዜ 10,000 ገደማ፤ ሁለተኛ፣ ብረቱ ሳይጠግብ የሚችለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚሊአምፔር፤ ሦስተኛ፣ መሸፈኛው የተፈተነበት ቮልት፤ አራተኛ፣ በስፒከሩ በኩል ያለው ኦም፣ 4፣ 8 ወይም 16 ነው።

አምራቹ ይህን ለመጻፍ ካመነታ ኤልሲ ባይከፈት ይሻላል። ክፍተት ያለውና የሌለው ትራንስፎርመር በውጭ መልኩ አንድ ስለሆነ፣ ዕቃው መጋዘን ከገባ በኋላ ልዩነቱን የሚያገኘው ደንበኛው ነው።