«ሲስተም የለም» የሚባለው ሰበብ ይብቃ!

ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከሞላሌ እስከ ራቤል፣ ባንክ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ገበሬው ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይህችን ቃል ሰምቶ ይመለሳል። እኛም እንደ ውርጭና እንደ በረዶ የፈጣሪ ሥራ አድርገን ተቀብለናታል። አይደለም! ጥፋቱ የሰው ነው። ከጥፋቶቹ አንዱ ደግሞ ማንም የማያወራለት ነው፦ ፕሮግራም እንዴት እንደሚቆም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ፕሮግራም ሁሉንም ሥራ ብቻውን አይሠራም፤ ልጆች ይወልዳል። ባለሙያዎች «ቻይልድ ፕሮሰስ» ይሏቸዋል። አንዱ ልጅ ሪፖርት ያወጣል፣ ሌላው ፋይል ያስተላልፋል። ሊኑክስ ፕሮግራምን ሲያስቆም ምልክት ይልካል። ሲግተርም (ቁጥር 15) «ሥራህን ሰብስበህ ውጣ» ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ሰምቶ የጀመረውን መጨረስ ይችላል። ሲግኪል (ቁጥር 9) ግን ጥይት ነው፤ ለኑዛዜ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

አባት በ9 ሲመታ ልጆቹ አብረውት አይሞቱም። ወላጅ አልባ ሆነው፣ ተቆጣጣሪ ሳይኖራቸው፣ የቆለፉትን ፋይል እንደቆለፉ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ከዚያ ሠራተኛው ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሳል። አዲሱ አባት አዲስ ልጆች ይወልዳል፤ መከላከያ ካልተበጀለት አሮጌው ልጅና አዲሱ ልጅ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠሩታል።

ሌላም አለ። አባት አንድን ምልክት ላለመስማት ጆሮውን ደፍኖ ልጅ ካስነሳ፣ ልጁ ሌላ ፕሮግራም ቢሆን እንኳ ያንን ድንቁርና ይወርሳል። በዶከር ደግሞ ማስነሻው የሼል ስክሪፕት ከሆነ፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ስክሪፕቱ ጋ ይቀራል። ልጁ ምንም ሳይሰማ የተለመደው 10 ሰከንድ ያልቅና ጥይቱ ይመጣል።

የመንዝ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጓሳ ሣር ለዘመናት በነባር ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል፤ መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በአለቆቹ ፈቃድ ይከፈት ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ የሚዘጋና የሚከፍት ጠፋና ሁሉም እንደፈለገ ገባበት። አዋጁ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። የእኔ ነጥብ፣ አባትን ያነሳ ሰው ልጆቹን ለማን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ማሰብ አለበት የሚል ነው።

መጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አስታውሱ። ባንኩ «የሳይበር ጥቃት አይደለም» ብሎ ችግሩን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው፤ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተነገረ። ያ ችግር ከምልክት አያያዝ መጣ እያልኩ አይደለም። የምወቅሰው ክርክራችንን ነው። የተማሪዎቹን ሥነ ምግባር ስንመዝን ከረምን፤ ሚሊዮኖች ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ሲስተም ለማሻሻያ ሲነካካ እንዴት እንደሚቆምና እንዴት እንደሚነሳ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

«መብራት ድንገት ሲጠፋስ ምን ምልክት አለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ የሚያስጠነቅቅ የለም። ዩፒኤስ የተሠራው ግን ለዚህ ነው። በትክክል ከተገናኘ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ለመዘጋት ሲዘጋጅ ለፕሮግራሞቹ 15ን ይልካል። መስማት ላልተማረ ፕሮግራም ግን ዩፒኤስ ሞትን በጥቂት ደቂቃ ከማዘግየት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብና መረጃ የሚይዝ ተቋም ሁሉ ሲስተም ሲያሠራ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ያስጽፍ።

አንደኛ፣ አባት የመቆም ምልክት ሲደርሰው ለልጆቹ ሁሉ ያስተላልፍ፤ እስኪጨርሱም ይጠብቅ።

ሁለተኛ፣ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ በ15ም በ9ም ተመትቶ ይፈተን። ሲነሳ ሂሳቡ ካልታረቀ አይፈረም!

ሦስተኛ፣ ሲስተም በቆመ ቁጥር ምክንያቱ ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ይህ አገር የሚያስበድር ወጪ አይደለም። የጥቂት መስመር ኮድና የጥቂት ቀን ፈተና ጉዳይ ነው። ከእንግዲህ «ሲስተም የለም» ስንባል አንገት ደፍተን አንመለስ። «ማን አቆመው? እንዴት አቆመው? የጀመረውስ ሥራ የት ደረሰ?» ብለን እንጠይቅ።