ልጁ ሲጠይቀን «ዝም በል» አንበለው

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደሞዝ ወይም ስለ ኮንትራት አይደለም፤ ስለምናሳድጋቸው ልጆች ነው።

እዚህ አል ማቃም ልጁን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የምንቀበለው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ቦርሳውን አውርደን፣ ጫማውን አውልቀን ምሳ ስናቀርብ፣ የቀኑን ወሬ መጀመሪያ የምንሰማው እኛ ነን። ማዳም ስትመጣ ወሬው አልቋል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ከሌሎቹ ለየት ያለ አዲስ ልጅ ሲገባ «ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?» ተብለን መጀመሪያ የምንጠየቀውም እኛ ነን። በኔ በኩል፣ ያኔ የምንሰጠው መልስ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ብዙ ጊዜ የምንመልሰውን ታውቁታላችሁ። አንዷ «ዝም በል፣ ሀራም ነው» ትላለች። ልጁ ግን ዝም ሲባል የሚማረው፣ ያ ልጅ ስሙ የማይነሳ ነውር መሆኑን ነው። ሌላዋ «መስኪን» ትላለች። ደግነት ይመስላል፤ ግን በሚታዘንለት ልጅና በጓደኛ መሃል ልዩነት አለ። ከሁሉ የሚከፋው ከአገር ይዘነው የመጣነው ነው፤ «እርግማን ነው፣ እንዳይጋባብህ ራቀው» የሚለው። ኦቲዝምም ሆነ ዳውን ሲንድረም እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

እኔ ያለሁበት ቤት የሰባት ዓመት ልጅ አለ። አንድ ቀን እጁን እያርገበገበ፣ ጆሮውን ይዞ እየጮኸ አዲስ የክፍሉን ልጅ አስመስሎ አሳየኝ፤ ይስቃል። «መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አልኩት። «ደወል ሲደወል» አለ። «አንተስ ማክነሳውን ስከፍት ሶፋው ኋላ የምትደበቀው ለምንድነው?» አልኩት። ዝም አለ። «እሱም ደወሉ እንደዛ ይሆንበት ይሆናላ» ብዬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ወዲያው ጓደኛው አልሆነም፣ አልዋሽም። ማስመሰሉን ግን ተወ። ከሳምንት በኋላ «ዛሬ ደወሉ ሳይደወል ነገርኩት፣ ቀድሞ ጆሮውን ያዘ» አለኝ። ሌላ አልነገርኩትም፤ ቀሪውን ራሱ ነው ያሰበው።

ይህች አገርም የምትለው ይህንኑ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ቁጥር 29 አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች እኩል የመማር መብት አላቸው ይላል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በመንግሥት በኩል የሚጠሩት «አስሃብ አል ሂመም» ተብለው ነው፤ ቆራጥ ሰዎች እንደማለት። በ2019 አቡዳቢ የዓለም ስፔሻል ኦሎምፒክስን ስታዘጋጅ ከ7,000 በላይ ስፖርተኞች መጥተዋል። ግን ሕግ የክፍሉን በር ይከፍታል እንጂ ልጅን ከልጅ ጎን አያስቀምጥም።

የኛን አገር ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ። እሳቸውም ስደትን ያውቁታል፤ ውጭ ኖረው ነው የተመለሱት። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ሲሏቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 አርፈዋል። በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆች እንዲወጡ ያደረጉ እናት ናቸው።

«የሰው ልጅ ነው፣ ምን አገባኝ? ማዳም ብትቆጣስ?» የምትሉ አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው፣ ቤቱ የኛ አይደለም። ስለዚህ ለማዳም ቀድመን እንንገራት፤ «ልጁ ስለ አዲሱ ልጅ ጠየቀኝ፣ ምን ልበለው?» ማለት ይበቃል። ልጁን ደግሞ የምናውቀውን በአጭሩ እንንገረው፤ የማናውቀውን «አላውቅም፣ እናትህን እንጠይቃት» እንበል። ስለ በሽታ ስም መተንተን አይጠበቅብንም።

ደግሞስ አዲስ ሆኖ መግባትን ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ቋንቋው ሳይገባን፣ ሁሉ ነገራችን ሲያስቅ፣ ከቤቱ አንድ ሰው በስማችን የጠራን ቀን ምን እንደተሰማን አንረሳውም። የዚያ ልጅም ነገር እንደዛው ነው።

አገር ቤት ልጅ ያላችሁ እህቶች፣ በስልክ ስታወሩ «ክፍላችሁ ውስጥ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እናንተ የምታሳድጓቸው ልጆች ምን ብለው እንደሚጠይቁ ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ መልሱን አብረን እንፈልገዋለን።