«ሲስተም የለም» እስከ መቼ?

ባንክ ቤት ወረፋ ይዞ፣ ቁጥሩ ተጠርቶ፣ መስኮቱ ጋ የደረሰ ሰው የሚሰማት አንዲት ቃል አለች፦ «ሲስተም የለም»። ክፍለ ከተማ ፋይሉን ሊከታተል የሄደ፣ የመብራት ካርድ ሊሞላ የወጣ፣ ለአንድ ማኅተም ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ሁሉ ያውቃታል። «መቼ ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይታወቅም፣ ችግሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ይባላል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ጠቅልሎ ይወጣል። ያጠፋ የለም፣ የሚጠየቅም የለም። ሲስተም እንደ ዝናብ ተቆጥሯል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል።

ሲስተም ግን የሰው ሥራ ነው። ከጀርባው የደንበኛውን ስም፣ ሒሳቡን፣ የከፈለውንና ያልከፈለውን የያዘ ዳታቤዝ የሚባል መዝገብ አለ። መዝገቡን የሚጠብቅ ሰውም አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ሲጮኽ ከአልጋው የሚነሣው፣ ሥራው ሲቃና ማንም የማያውቀው፣ ሲበላሽ ብቻ ስሙ የሚነሣው እሱ ነው። «ሲስተም የለም» ሲባል ያ ሰው የት እንዳለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነና ነገ ምን እንደሚደርስበት የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ያለበት ግን ይኸው ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ሙያ ሰዎች አለቃ ሳያዛቸው፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው የገነቡት አንድ ልማድ አለ። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ባለሙያዎችን እንውሰድ። ለዓመታት በትዊተር ላይ «ኤስኪውኤል ሄልፕ» በሚል ሀሽታግ ሲረዳዱ ኖረዋል። አንዱ ሌሊት ዳታቤዙ አልነሣ ብሎት ይጽፋል፤ ፀሐይ በወጣችበት ሌላ አገር ያለ፣ በዓይን አይቶት የማያውቅ ባለሙያ ይመልስለታል። ራሳቸውን «የኤስኪውኤል ቤተሰብ» ብለው ይጠራሉ። ኦላ ሃለንግረን የሚባል ስዊድናዊ ባክአፕ የሚወስዱና ዳታቤዝ የሚፈትሹ ስክሪፕቶች ጽፎ በነጻ አውጥቷል፤ ሳንቲም ያልከፈሉ ድርጅቶች በየአገሩ ይጠቀሙባቸዋል። አዳም ማካኒክ የጀመረው ወርኃዊ የጽሑፍ ዙር ደግሞ ከዲሴምበር 2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አንዱ ርእስ ይሰጣል፣ ሌሎቹ ከገጠማቸው ይጽፋሉ። ፓስ የተባለው የሙያ ማኅበራቸው በኮቪድ ወቅት ከስሮ ጃንዋሪ 2021 ሲዘጋ ብዙዎች አዝነዋል። ከ2007 ጀምሮ በየከተማው የሚያደርጉት የነጻ ቅዳሜ ትምህርት ግን ከማኅበሩ ጋር አልሞተም። ሌሎች አንስተው ቀጠሉት።

እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ «ትንሽ ነገር ናት፣ አሁኑኑ ቀይርልኝ» ስለሚል አለቃ ያማርራሉ። ለሁሉ ችግር ዳታቤዙን ስለሚወቅስ ፕሮግራመር ይስቃሉ። ስለ ሌሊት ጥሪ፣ ስለ በዓል ቀን ሥራ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተፈትኖ ስለማያውቅ ባክአፕ ያወራሉ። በወሬያቸው መሃል በብዛት የሚነሣው ግን የራስ ጥፋት ነው። የትኛው ይጥፋ ብሎ ሳይለይ «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ የመዝገቡን ሙሉ ሠንጠረዥ ያጠፋ ሰው ታሪኩን በአደባባይ ይናገራል። ሌላው «እኔም አድርጌዋለሁ» ይለዋል። ሦስተኛው «ለወደፊቱ እንዲህ አድርግ» ይላል። ወዳጅነቱ የተሠራው ከዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

ይህ ልማድ በትልቁ የተፈተነው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ነበር። ጊትላብ የሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ዳታቤዙ ተጨናንቆበት ነበር። አንድ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ሲታገል አምሽቶ፣ የተጠባባቂውን ሰርቨር ፋይሎች አጠፋለሁ ብሎ የዋናውን አጠፋ። ስሕተቱን ያወቀው ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ነው። ትእዛዙን አቋረጠ፤ ነገር ግን 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ከዚያ የባሰው ተከተለ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበረኝ ይል ነበር፤ ሲፈለጉ እንደታሰበው የሠራ አንድም አልተገኘም። አንዱ ባክአፕ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የሶፍትዌሩ ስሪት ስላልገጠመ ባክአፑ ከመጀመሪያውም አይወሰድም ነበር። «አልተሳካም» የሚለው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ያ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። አገልግሎቱ 18 ሰዓት ያህል ቆመ። የስድስት ሰዓት መረጃ በዚያው ቀረ።

ጊትላብ በዚያች ሌሊት ያደረገው ነገር ነው ጉዳዩን የተለየ የሚያደርገው። የጥገናውን ማስታወሻ ማንም እንዲያነበው ለቀቀ። ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 የሚጠጋ ሰው ተመለከተው። በኋላም የሆነውን ከነምክንያቱ በዝርዝር ጻፈ። በጽሑፉ ላይ የባለሙያው ስም አልተጠራም፤ ሰውየውም ከሥራው አልተባረረም። ከሌሎች ድርጅቶች የመጡ የሙያ ባልደረቦች አይዞህ አሉት፣ ምክር ላኩ፣ የራሳቸውን ተመሳሳይ ጥፋት ጻፉ። ታሪኩን ያነበበ ባለሙያ ሁሉ «የእኔስ ባክአፕ ይሠራል?» ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። የአንድ ድርጅት ውድቀት ለሺህ ድርጅት ትምህርት የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች በሌሊት ተዛመተ፤ በኤቲኤም በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው ተባለ። አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ተለጠፈ።

የሰሞኑ ወሬ ስለማን ነበር? ስለ ተማሪዎቹ። ሌቦች ናቸው ወይስ ልጆች? ይታሰሩ ወይስ ይማሩ? የዳታቤዝ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ማሻሻያው በሙከራ ሲስተም ላይ ቀድሞ ታይቷል? ሒሳብን ከወጪ ጋር የሚያመሳክረው ፍተሻ የት ላይ ተቋረጠ? ያልተለመደ ወጪ ሲበዛ የሚጮኽ ደወል ነበር? ከጮኸስ የሰማው ማን ነው? የእነዚህ መልስ ለሌሎቹ ባንኮች ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ዋጋ ነበረው። የተማሪ ፎቶ ለጥፎ ሲስተም ማስተካከል አይቻልም።

የአገራችን ባለሙያ ወዳጅ የለውም ማለት አይደለም። በቴሌግራም ግሩፕ ይገናኛል፣ ስክሪፕት ይለዋወጣል፣ ሲጨንቀው ለክፍል ጓደኛው ይደውላል። የሚያደርገው ግን በር ዘግቶ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ደብቆ፣ «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» ብሎ ይጠይቃል። ጥፋቱን ቢናገር የሚጠብቀው ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት ወይም ስንብት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የአንዱ ባንክ ባለሙያ ያየውን መከራ የጎረቤቱ ባንክ ባለሙያ በሚቀጥለው ወር እንደ አዲስ ያየዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እዚህ ደግሞ በሽተኛው እንዲደብቅ የሚያስገድደው ሐኪም ቤቱ ራሱ ነው።

መደበቅ እስከ የት እንደሚያደርስ ለማየት የብሪታንያን ፖስታ ቤት ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየሰፈሩ ያሉ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ሒሳብ ሆራይዘን በሚባል፣ የፉጂትሱ ኩባንያ በሚያቀርበው ሲስተም ተያዘ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ማሳየት ጀመረ። ፖስታ ቤቱ ሲስተሙን አምኖ ሰዎቹን ከሰሰ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ብዙዎቹ «ይህ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» ተብለዋል። ሲስተሙ ስሕተት እንዳለበትና ከርቀት የሰውን ሒሳብ መንካት እንደሚቻል የሚያውቁ ባለሙያዎች በውስጥ ነበሩ፤ እውቀቱ ግን ለተከሳሾቹ አልደረሰም። ነገሩ መፈታት የጀመረው አለን ቤትስና ጓደኞቹ በ2009 በአንድ የገጠር አዳራሽ ተገናኝተው «አንተም? አንቺም?» ሲባባሉ ነው። ፍርድ ቤት ሲስተሙ ጉድለት እንደነበረበት የወሰነው በ2019፣ ፓርላማ ፍርዶቹን በጅምላ የሰረዘው በ2024 ነው። «እኔም ገጥሞኛል» የሚል አንድ ሐቀኛ ባለሙያ ቀድሞ በአደባባይ ቢገኝ ስንት ቤት በተረፈ ነበር!

ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ አሉ። «ችግራችንን ብንዘረግፍ ሌባ ይጠቀምበታል» ይላሉ። ፓስወርድና የሰርቨር አድራሻ ይነገር ያለ የለም። የሚነገረው ከተጠገነ በኋላ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን ቀድሞ እንዳልታየና ምን እንደተስተካከለ ነው። «ባክአፓችን ለካ ባዶ ነበር» የሚል ዜና ለሌባ ምን ይጠቅመዋል? ለሌላው መሥሪያ ቤት ግን ሕይወት ነው።

«ደንበኛ እምነት ያጣል» የሚሉም አሉ። በመስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል የኖረ ደንበኛ ምን እምነት ቀረው? ተቋሙ ዝም ሲል ክፍተቱን የሚሞላው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ሦስተኛዎቹ «ያጠፋ ካልተቀጣ ሠራተኛ ይዘናጋል» ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ለመስረቅ ብሎ መዝገብ የነካ በሕግ ይጠየቅ፤ ደጋግሞ በግዴለሽነት ያጠፋም ወንበሩን ይልቀቅ። ደክሞት የተሳሳተንና ወዲያው የተናገረን ሰው መቅጣት ግን ለሌሎቹ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ አትናገሩ። በዳታቤዝ ሥራ አንድ ሰዓት መደበቅ ማለት በተበላሸው ላይ የአንድ ሰዓት ጥፋት መጨመር ነው።

የውጮቹን ማኅበረሰብ ገነት ማስመሰልም አያስፈልግም። ጀማሪ ሲጠይቅ የሚያላግጡ አሉባቸው። ግልጽነትን ለማስታወቂያ የሚጠቀሙ ኩባንያዎችም ሞልተዋል። የጊትላብ ይቅርታ የጠፋውን መረጃ አልመለሰም። ቢሆንም በእነሱ ዘንድ ጥፋቱን የተናገረ ባለሙያ ነገ ሥራ የሚገባበት፣ ከነገ ወዲያ ሌላውን የሚያስተምርበት ዕድል አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትልቅ ልዩነት ነው።

ዛሬ ነገሩ የአንድ ባንክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ይዟል። መታወቂያው ፋይዳ ሆኗል፤ ደመወዙ፣ ግብሩ፣ የነዳጁ ክፍያ ሳይቀር በዳታቤዝ ያልፋል። ዱሮ መዝገቡ ሲጠፋ ሽማግሌ ይጠራ፣ ምስክር ይቆጠር ነበር። አሁን ምስክሩ ራሱ መዝገቡ ነው። እሱ ሲሳሳት ለሰውየው የሚመሰክርለት ማን ነው?

ስለዚህ የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብና መረጃ የያዘ ተቋም ሁሉ ሲስተሙ በቆመ ቁጥር ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ፣ የሠራተኛ ስም ሳይጠራ፣ ያውጣ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮቹን በዚህ ይጠይቅ፤ የባንኮቹ የዳታቤዝ ባለሙያዎች በግልጽ ተገናኝተው የሚማማሩበትን መድረክም ያመቻች። ባክአፕ አለን ማለት ይቅር፤ በየሦስት ወሩ ከባክአፕ ተነሥቶ ሲስተሙን መልሶ የማቆም ልምምድ ይደረግና ውጤቱ ይጻፍ። ስሕተቱን ፈጥኖ የተናገረ ሠራተኛ በመናገሩ እንዳይባረር በመመሪያ ይደንገግ።

ያን ጊዜ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የምትለው ይኖራታል፦ «ትናንት ማታ ማሻሻያ ስንሠራ ተሳስተናል፤ እያስተካከልን ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይመለሳል፤ ገንዘብዎ አልተነካም»። ይህን የሰማ ባለጉዳይ ሊቆጣ ይችላል። ቢያንስ ግን የሚጠብቀውን አውቆ ይቆጣል።