አይቡና የወላጆች ኮሚቴ



በቤት አይብ የምትሠራ እናት የሥራዋን ሰዓት እንዳሻት አትለውጥም። የተጠራቀመው ወተት ረግቶ ሲደርስ ይናጣል። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ለዘብ ባለ እሳት ይጣዳል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ትቶት መሄድ አይቻልም። አይቡ ሲለይም አጓቱ ይጠለላል።

ታዲያ በዚያው ጠዋት በ3 ሰዓት የወላጆች ስብሰባ ቢጠራ ይህች እናት ምን ታድርግ? ትቀራለች። ከዚያም «ወላጅ ለልጁ ትምህርት ግድ የለውም» ይባላል!

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጣ ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ አመልክቷል። የኮሚቴ አባልነት ለወላጅ ደመወዝ የለውም፤ አማና ግን ነው። መዋጮው የት ዋለ? የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በር አለውን? የጎረቤት ልጅ ትምህርቷን ለምን አቋረጠች? እነዚህን ጥያቄዎች እናቶች ካላነሷቸው ብዙ ጊዜ ተድበስብሰው ይቀራሉ። ከስንት ወተት ስንት አይብ እንደሚገኝ አስልታ ቤት የምታስተዳድር ሴት፣ የወጪ ሒሳብ ሲነበብላት የጎደለውን ለመለየት አትቸገርም።

ስለዚህ የስብሰባው ሰዓት ከእናቶች ጋር ተመካክሮ ይወሰን፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን አይሁን። ሒሳቡም ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

እናንተም አባቶች፣ ባለቤታችሁ ለኮሚቴ ስትመረጥ «የቤቱን ሥራ ማን ሊሠራው ነው?» አትበሉ። አሬራው ከተጣደ እሳቱን ጠብቁላት፤ ስትመለስም ምን እንደተወሰነ ጠይቋት።